ደንብ ሳይሻር ሲሞት፦ ከባሕር ዳር ስታዲየም እስከ አሜሪካ ኮሌጆች

(በባሕር ዳር ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠና በተናጋሪው የታረመ)



የታሪክ መምህር ስለ ኳስ ሊናገር ሲነሣ ፈገግ የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታሪክ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የጦር ሜዳና የድንበር ውል ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ሰዎች ተሰብስበው፣ መክረው፣ ፈርመው ያወጡትን ደንብ ለምን ራሳቸው ያፈርሱታል? ደንብስ ማንም ሳይሽረው እንዴት ይሞታል? ስፖርት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መዝገብ ነው። ደንቡ የተጻፈ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ይታወቃሉ፤ ጥሰቱም ሆነ ቅጣቱ በአደባባይ ይታያል።

ነገሬን ከደጃችን ልጀምር። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ በባሕር ዳር ስታዲየም አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 አሸነፈ። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ዚምባብዌን 1 ለ 0 ረታ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ ስታዲየማችን መስፈርቱን አላሟላም ብሎ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ዘጋው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ኅዳር 2 ቀን፣ ቡድናችን «በሜዳው» ጋናን ያስተናገደው ጆሃንስበርግ ሄዶ በኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ስታዲየም ያላት ከተማ የራሷን ቡድን በቴሌቪዥን ለማየት ተገደደች። መራራ ነበር። ደንቡ ግን ተፈጸመ።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ ደንብም ነበረን። ለ2012 የውድድር ዘመን በተደረገው ዝግጅት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተመካክረው የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያቱ በቂ ነበር። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች በጀት ነው፤ የተጫዋቾች ክፍያ ግን ከመቶ ሺህ ብር እያለፈ፣ ክለቦቹ ሊሸከሙት የማይችሉት ዕዳ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ጣሪያው በሁሉም ፈቃድ ተበጀ። ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ በውሉ ላይ 50,000 ተጽፎ ቀሪው በሌላ መንገድ እንደሚከፈል በስፖርቱ አካባቢ በግልጽ የሚነገር ወሬ ሆነ። ደንቡን የሻረው ጉባኤ አልነበረም፤ የከሰሰው ፍርድ ቤትም አልነበረም። እንደተጻፈ ቀረ፤ እንደተጻፈም ሞተ።

እንግዲህ ሁለት ደንቦች አሉን። አገሩ፣ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ያው ናቸው። አንዱ በሳምንታት ውስጥ ተፈጸመ፤ ሌላው ከወረቀት አልወጣም። ልዩነቱ ከምን መጣ?

በችኮላ የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። «እኛ እኮ ሕግ አናከብርም፤ ፈረንጅ ካልተቆጣን አንሰማም» እንላለን። በርግጥ ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚመስል ነገር አይጠፋም። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ፊፋ በፌዴሬሽኑ አመራር ውዝግብ ምክንያት ኢትዮጵያን አገደ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ወጣን። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበትን ተጫዋች አሰለፍን። ሰኔ 9 ቀን በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ጭፈራው ሳይበርድ የምርመራው ዜና መጣ። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፤ ጨዋታውም ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። እንደ ዕድል ሆኖ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን በመሪነት ጨረስን። ነገር ግን የአንድ ካርድ መዝገብ አለመያዝ የትውልድ ሕልም ሊያስቀር ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ያኔ ያየን ሁሉ አንረሳውም።

ሆኖም የታሪክ ሰው «ጠባያችን ነው» በሚል መልስ ሊረካ አይገባውም። ጠባይ የሚባለው ነገር ቢመረመር ብዙውን ጊዜ የአሠራር ውጤት ሆኖ ይገኛል። ይህን ለመፈተን ሁለት ታሪኮችን ላቅርብ። አንደኛው የራሳችን ሰው ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ሕግ አክባሪ ከምንላቸው አገሮች የአንዷ ነው።

የራሳችን ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድን የመሩ፣ ካፍን ከመሠረቱት አንዱ፣ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ አባላቱ አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም አለች። አዲሱ ማኅበር ከአራት አባላቱ አንዱን ቢያጣ ውድድሩ ምን ያህል እንደሚመናመን ግልጽ ነበር፤ ቢሆንም ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት አሥርት ዓመታት አፓርታይድን ከስፖርት መድረክ ለማስወጣት በተደረገው ትግል ከፊት ከቆሙት አንዱ ነበሩ። ደንብ አስከባሪነት ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የኚህ ኢትዮጵያዊ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ነው። በእኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚደረግ የተማሪዎች ውድድር ይታሰበናል። የዩኒቨርሲቲ ስም ይዞ በከፍተኛው ሊግ የተጫወተ ክለብም አይተናል፤ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ። ይሁን እንጂ እርሱ ደመወዝተኛ ተጫዋቾች ያሉት ክለብ ነው። በአሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ቴሌቪዥን በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፤ አሠልጣኙ በሚሊዮን ያገኛል። ተጫዋቹ ግን ተማሪ ነውና ከነፃ ትምህርት በቀር እንዳይከፈለው ለመቶ ዓመት ያህል ደንብ ከለከለው።

ደንቡን እንዲጠብቅ የቆመው አካል ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኤን ሲ ኤ ኤ፣ ይባላል። የመነጨው ከሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ቢያንስ 18 ወጣቶች የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወቱ በመሞታቸው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቅ ኮሌጆችን ተወካዮች ወደ ዋይት ሐውስ ጠሩ፤ በተከታዩ ዓመት ማኅበሩ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1929 የካርኔጊ ተቋም ባወጣው ጥናት ከተመረመሩት 112 ኮሌጆች 81ዱ ለተጫዋቾቻቸው በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ድጎማ ሲሰጡ ተገኙ። ከደንቡ ይልቅ ጥሰቱ ልማድ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ማኅበሩ ጠንካራ ሕግ አወጣ፤ የጣሰ ይባረራል አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሰባት ኮሌጆች ጥሰው ተገኙና እንዲባረሩ ለጉባኤ ቀረቡ። 111 አባላት ይባረሩ ሲሉ 93 ተቃወሙ፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስላልተገኘ ሰባቱም ቀሩ። በተከታዩ ዓመት ሕጉ ራሱ ተሰረዘ። ልብ በሉ፤ ድምፅ ሰጪዎቹ የሰባቱ ተወዳዳሪዎችና ወዳጆች ነበሩ። ብዙዎቹም የነገው ተከሳሽ እኔ ነኝ ብለው መፍራታቸው አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ መርማሪዎችን ቀጠረ፤ የቅጣት ሥርዓትም ዘረጋ። ከቅጣቶቹ ሁሉ የሚፈራው «የሞት ቅጣት» የሚል ቅጽል የወጣለት፣ ቡድንን ከውድድር ፈጽሞ የሚያስወጣው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ይህ ቅጣት በዳላስ በሚገኘው ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ላይ ወደቀ። ለተጫዋቾች በድብቅ ሲከፈል መኖሩ፣ ከፍተኛ ኃላፊዎችም ማወቃቸው ተረጋግጦ ነበር። የዓመቱ ውድድር ተሰረዘ፤ በቀጣዩም ዓመት ዩኒቨርሲቲው በራሱ ውሳኔ ሳይጫወት ቀረ። ቡድኑ ወደ ቀድሞ ደረጃው ለመመለስ አሥርት ዓመታት ፈጀበት። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ሆነ። ቅጣቱ እጅግ ከባድ ከመሆኑ የተነሣ ፈራጆቹ ራሳቸው ፈሩት፤ ከዚያ ወዲህ በአንድም ታላቅ የፉትቦል ቡድን ላይ አልዋለም። ሰይፉ ከሰገባው ላይወጣ ዝጎ ቀረ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ የጻፉት ፍርድ ቤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ማኅበሩ ከትምህርት ጋር በተያያዙ ጥቅሞች ላይ የጣለው ገደብ የፉክክር ሕግን ይጥሳል አሉ። በተከታዩ ወር ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በ2024 አንድ የቴኔሲ ፌዴራል ዳኛ ማኅበሩ ከዚሁ ጋር የተያያዘውን የምልመላ ደንብ እንዳያስፈጽም አገደ። በሰኔ 2025 በጸደቀው ስምምነት ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ኮሌጅ ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ፤ ይህን የሚቆጣጠርም ሌላ አካል ተቋቋመ። መቶ ዓመት የተጠበቀ የመሰለው አጥር በአራት ዓመት ውስጥ ፈረሰ።

ከዚህ የምንማረው «ፈረንጅም እንደኛው ነው» ብሎ መጽናናትን አይደለም። ደንቡን የጻፉት፣ የሚወዳደሩበት፣ የሚጥሱትና የሚዳኙት እነዚያው ሰዎች ሲሆኑ፣ አገሩ ዳላስም ይሁን ባሕር ዳር ደንቡ አይቆምም። ካፍ ስታዲየማችንን ሲዘጋ ከባሕር ዳር የሚያገኘውም የሚያጣውም ነገር አልነበረም። የደመወዝ ጣሪያውን ግን ማን ያስከብር? ክለብ ክለብን ይክሰስ? እርሱም ያንኑ እያደረገ?

ይህን ለመረዳት ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ጣና ዳር መውረድ በቂ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ወጥቶ ይራባል። በወንዝ አፍ ላይ በዚያ ወቅት መረብ መጣል የነገውን ዓሣ መብላት እንደሆነ ከዓሣ አስጋሪ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የዓሣ ሀብትን የሚመለከት የፌዴራል አዋጅ አለ። ነገር ግን አንዱ ብቻውን መረቡን ቢሰበስብ ያተረፈው ዓሣ ጎረቤቱ መረብ ውስጥ ይገባል። ደንብ አክባሪው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ልጆቹም ይራባሉ። እንግዲህ ይህን ሰው ሥነ ምግባር የጎደለው ልንለው እንችላለን? የጎደለው ሁሉም መረብ መነሣቱን የሚያረጋግጥለት ዳኛ ነው። የእግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅም ከዚህ ዓሣ አስጋሪ የተለየ ችግር የለበትም። ጣሪያውን ብቻውን ቢያከብር አጥቂው ይሄድበታል፤ ቡድኑ ይወርዳል፤ ደጋፊው ይነሣበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በደርግ ዘመን ተጫዋች «አማተር» ይባል ነበር። የመቻሉ ወታደር፣ የኦሜድላው ፖሊስ፣ የመብራት ኃይሉ፣ የመድኑ፣ የሙገር ሲሚንቶው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሆኖ በደመወዝ መዝገብ ይገባ ነበር። ብዙዎቹ ከቢሮ ይልቅ ሜዳ ላይ እንደሚውሉ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አማተርነቱ በከፊል የስም ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር ነበረው፤ የሚከፈለው ሁሉ የተጻፈ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ሥራው ይቆየው ነበር፤ ጡረታም ይጠብቀው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ክለባቸውን ሲተው፣ ሸክሙ ወደ ከተሞች በጀት ሲዞርና ክፍያው ሲንር፣ ያ መዝገብም አብሮ ጠፋ።

መዝገብ መጥፋቱ ማንን እንደሚጎዳ በአንድ ወጣት ላይ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ቢሮዬ መጣ። ስሙን የማልጠራው ክለብ ውስጥ ይጫወት ነበር። ጉልበቱን ተጎድቶ ወራት ተቀምጧል። ውሉን አውጥቶ አሳየኝ፤ በደንቡ መሠረት የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ነው። «ታዲያ ምን ጎደለህ?» አልሁት። «መምህር፣ የተጻፈው ደርሶኛል፤ የቀረብኝ ያልተጻፈው ነው» አለኝ። ያልተጻፈው ከተጻፈው ይበልጥ ነበር። ቤት የተከራየውም፣ ለእናቱ ቃል የገባውም በእርሱ ተማምኖ ነው። እንዲከስስ ልመክረው አሰብሁ፤ ግን ምን ብሎ ይከስሳል? «ደንብ ጥሼ የተስማማሁትን አስከብሩልኝ» ብሎ? ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። ውሉን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰና አመስግኖኝ ወጣ። ያመሰገነኝ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ምንም አላደረግሁለትም።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሳይሻር የሞተ ደንብ ከሌለ ደንብ ይከፋል። የአሜሪካው ደንብ በፍርድ ቤት፣ በቀን ብርሃን ስለፈረሰ ተጫዋቹ ዛሬ ክፍያውን በውል ጽፎ በስሙ ይይዘዋል። የእኛው ጣሪያ ግን ክፍያውን አልቀነሰውም፤ ከወረቀት ላይ ብቻ አጠፋው። በዚህም ሦስት ወገኖች ተጎዱ። ተጫዋቹ የሚከስስበትን ሰነድ አጣ። ግብር ከፋዩ ከተማው ለክለቡ የመደበው ገንዘብ የት እንደዋለ የሚያይበትን መዝገብ አጣ። ደንቡን ያከበረ ክለብ ካለ ደግሞ፣ በማክበሩ ተሸነፈ።

ታዲያ ምን ይበጃል? የታሪክ ሰው መድኃኒት አዛዥ አይደለም፤ ያለፈው የሚያሳየውን ግን መጠቆም ይችላል። ከቆጠርናቸው ታሪኮች የጸኑት ደንቦች ሦስት ነገሮች ነበሯቸው። አንደኛ፣ ዳኛው ከተወዳዳሪዎቹ ወገን አልነበረም። ሁለተኛ፣ ድርጊቱ ሁሉም በሚያየው መዝገብ ላይ ነበር፤ በ2005 ያስቀጣን ቢጫ ካርድ በጨዋታ ሪፖርት ላይ የተጻፈ ስለነበር ክርክር አላስነሣም። ሦስተኛ፣ ቅጣቱ መጠነኛ፣ ፈጣንና የማይቀር ነበር። ሦስት ነጥብ መቀነስ የሞት ቅጣት አይደለም፤ ነገር ግን ፈራጁ ሳያመነታ ሊጥለው ይችላል። የሳውዘርን ሜቶዲስት ታሪክ የሚያስተምረን ቅጣት በከበደ ቁጥር ሳይፈጸም የመቅረት ዕድሉ እንደሚሰፋ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ጅምርም አለ። በ2012 ዓ.ም. ክለቦቹ የሊጉን አክሲዮን ማኅበር አቋቁመዋል። ማኅበሩ በቅርብ ዓመታት ገደቡን ከአንድ ተጫዋች ደመወዝ ወደ ክለቡ አጠቃላይ ወጪ አዙሯል፤ የክለቦችን ሒሳብ ወደ መመርመር፣ ጥፋተኛ ያላቸውንም ወደ መቅጣት ገብቷል። ይህ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የማኅበሩ ባለአክሲዮኖች እነዚያው ክለቦች መሆናቸውን አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ጉባኤ የተቀመጡት 93 እጆች ነገ በእኛም ጉባኤ ሊነሡ ይችላሉ። ስለዚህ መርማሪው ከክለቦቹ ተጽዕኖ ውጭ ይሁን። በከተማ በጀት የሚተዳደር ክለብም የሚከፍለውን ሁሉ ለከተማው ሕዝብ ያስታውቅ። ጣሪያው የማይቻል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በግልጽ ጉባኤ ይሻር፤ በጓዳ አይሙት።

ያ ተማሪዬ ዛሬ ኳስ አይጫወትም። ባለፈው መስቀል ሰሞን በጣና ዳር መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር፤ ታዳጊዎችን እያሠለጠነ ነው። «ምን ታስተምራቸዋለህ?» ብለው፣ «መምህር፣ መጀመሪያ ውላቸውን እንዲያነቡ» አለኝ። እኔ ደግሞ ዛሬ ማታ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያነቡት ውል እውነቱን የያዘ እንዲሆን የማድረጉ ሥራ የእነርሱ ሳይሆን የእኛ የታላላቆቻቸው ነው።